ጥናቱ ታተመ፤ ለተጠናው ሰው ማን ነገረው?

አንኮበር ላይ የተጠና ነገር ለንደን ይነበባል፤ አንኮበር ግን አይነበብም።

በ2013 እ.ኤ.አ. ኤርሚያስ ሉሌካልና ባልደረቦቹ በአንኮበር ወረዳ ለሰው ሕመም የሚውሉ ዕፅዋትን አጥንተው በአንድ ዓለም አቀፍ ጆርናል አሳትመዋል። 135 ዓይነት ተክል ተመዝግቧል። ጽሑፉ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ሳይከፍል ያነበዋል። በአጥኚዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ደኑ ሲመነጠርና አዋቂው ሲሞት አብሮ የሚጠፋ ዕውቀት ሰንደዋል። ነገር ግን በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን በዋዛ አይናገርም። ከተወራ ይረክሳል ይባላል፤ ከልጆቹ ለመረጠው ለአንዱ በስተርጅና ያወርሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ማስታወሻ ደብተር ለያዘ እንግዳ ምስጢሩን ሲያወጣ ቀላል ነገር አልሰጠም። ያ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወጣ፤ እሱ ራሱ ሊያነበው አይችልም።

ዕውቀቱን የሰጠው ሰው መዘንጋቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኮሶን ተመልከቱ። ኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ ለዓለም ያስተማረው የደጋው ሰው ነው። ሳይንስ ግን ዛፉን የሚጠራው በጀርመናዊው ሃገን ስም ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ይጠራ ነበር። የአገራችን ስም «አቢሲኒካ» ተብሎ ከኋላ ተቀጥሏል፤ ያስተማሩት ሰዎች ግን የሉበትም። ዛሬ ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን በፈቃዱ የመስጠትና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገሩ ሁሉ አንዴ በይፋ ከታተመ በኋላ ግን ማን መጥቶ ፈቃድ ይጠይቃል?

ከቅጠሉ ወደ ሰው ጭንቀት፣ ወደ ደብረ ብርሃን እንሂድ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች በከተማዋ መጠለያዎች ዓመታት አሳልፈዋል። ስለ ጭንቀታቸውና ስለ ድባቴያቸው የተጠኑ ጽሑፎች ታትመዋል፤ መጠናቱም ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው መጠይቁ ላይ ነው። ድባቴን ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት አንድ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። የመጨረሻው ሰውየው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሞትን ተመኝቶ ወይም ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዲት እናት «አዎ፣ በየቀኑ» ብላ ብትመልስ መረጃ ሰብሳቢው ምን ያደርጋል? ለመልሷ 3 ቁጥርን አክብቦ ወደሚቀጥለው ድንኳን ይሄዳል? ወይስ በዚያው ቀን የምታገኘው ባለሙያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶላታል? በብዙ የፈቃድ ቅጾች ላይ «በጥናቱ በመሳተፍዎ ቀጥተኛ ጥቅም አያገኙም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ደንቡን ታሟላለች፤ ሕሊናን ግን ነፃ አታወጣም።

ጥናቱን የሚሠሩትን ወጣት መምህራን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ካምፓሶቻችን መምህር የሚያድገው በዋናነት በሕትመት ነው። ስንት አሳተምህ ይባላል፤ ማንን ጠቀመ የሚል የለም። የሕትመት ገበያው ይህን ያውቃል። «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ማስተርሱን ገና ላልጨረሰ ልጅ ይመጣል፦ ይላኩልን፣ በሳምንት ውስጥ እናትማለን፣ ክፍያው በዶላር ነው። ገምጋሚ የለም፤ ደረሰኝ ግን አለ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ያ ዶላር የስንት ወር ደመወዝ እንደሚያህል እናንተው አስሉት። ብዙዎቹ ስመ ጥር አሳታሚዎች እንደ እኛ ላሉ አገራት ክፍያውን እንደሚተዉ የማያውቅ ተመራማሪም ጥቂት አይደለም። በዚህ ላይ ኃላፊው «ስሜን ጨምርልኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል።

ብልሽቱ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሂንዳዊ የተባለው ትልቅ አሳታሚ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል፤ ብዙዎቹ ጽሑፍ እየፈበረኩ ከሚሸጡ የወጡ ወይም ግምገማቸው የተጭበረበረ ነበሩ። ቻትጂፒቲ ሲመጣ ደግሞ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ «ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ ኃላፊነት አይወስድምና» ብሎ ወሰነ። ትክክል ነው። ታዲያ ሳይሠራ ስሙን ያስገባው ኃላፊስ፣ ጽሑፉ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ይጠየቃል?

እንደ እኔ የሁሉም ሥር አንድ ነው፦ ጥናቱ አለቀ የምንለው ሲታተም ነው። ማለቅ ያለበት ግን ለተጠናው ሰው ሲነገር ነው። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ በጤና ኬላው ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእድር ስብሰባ ትንገረው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛል ሲያጸድቅ «ውጤቱን ለሕዝቡ መቼና በምን ትመልሳላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የዕድገት ኮሚቴውም ለዚያች አንድ ገጽ ነጥብ ይስጥ። ነጥብ ከሌላት ማንም አይጽፋትም፤ ሰው ነን።

እስቲ ንገሩኝ። መጠይቅ ሞልታችሁ የምታውቁ፣ ውጤቱን ተመልሶ የነገራችሁ ሰው አለ? ተመራማሪ የሆናችሁስ፣ ተመልሳችሁ የነገራችሁ አላችሁ? እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበት።