ጾሙን ማን ይቆጥራል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለውን ፈሪሳዊ የማያውቅ በመካከላችን የለም። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሰውየው ውሸታም አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ይጾማል፣ ዐሥራት ያወጣል። እኛም ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን፤ ቁጥሩ እንኳ አንድ ነው! ያጠፋው ጾሞ አይደለም፤ እየጸለየ ዓይኑን ወደ ቀራጩ መላኩ ነው እንጂ።

አባቶች ይህን በሽታ «ውዳሴ ከንቱ» ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዎስ ስምንቱን ክፉ ሐሳቦች ሲዘረዝር ሆዳምነትን መጀመሪያ፣ ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን መጨረሻ ላይ አስቀምጧቸዋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ሆዳምነት በጾም ይታከማል፤ ውዳሴ ከንቱ ግን የሚወፍረው ያንኑ ጾም እየበላ ነው።

በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት መኝታ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ምንድን ነው? «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ፤ አንተስ?» ጨጓራውን የሚያመው ጓደኛችን ጠዋት ዳቦውን በጋቢ ከልሎ የሚበላው ይህችን «አንተስ» ፈርቶ ነው። እንዴ! ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የፈቀደችውን የሚከለክል ዳኛ ከጎረቤት አልጋ ተነሣ ማለት ነው? ባለፈው ሰሞን መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ ወስዶ ሲያቃስት አደረ። ቀልድ አይደለም።

ነገ ደግሞ መምህራን ሆነን በየገጠሩ እንበተናለን። ዓርብ ቀን እንቁላል ቋጥሮ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ሃይማኖቱ ሌላ ይሆናል፤ ወይም ቤት ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ ይሆናል። ልጁ ቋጠሮውን ሲፈታ ክፍሉ በሙሉ የሚያየው እንቁላሉን አይደለም፤ የመምህሩን ፊት ነው።