ሞላ፣ ባሌስትራ እና የእናቴ ወገብ

መኪናውን ስንገዛው ከፍ ብሎ ነው ያገኘነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። የፊተኛው ባለቤት ከኋላ ባሌስትራ ደራርቦበት፣ ከፊት ብሎን አጥብቆበት፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ በሬ የሚያቆም የብረት መከላከያ ሰክቶበታል። የእህቴ ልጅ ገና ሲያየው ልቡ ሸፈተ። እኔም አልዋሽም፤ አዲስ አበባን ከላይ ቁልቁል ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ለመንዝ መንገድ ይሆነናል ብለን ተስማማን።

በ2009 ዓ.ም. እናቴን ለወገቧ ሕክምና በዚሁ መኪና ከመንዝ አመጣኋት። ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ትታይ አለ። መልሼ ሳደርሳት፣ ደግፌ ካወረድኳት በኋላ ደጃፏ ላይ ቆም ብላ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ እዚሁ ልሙት። ይህ መኪናህ አጥንቴን ፈጨው» አለችኝ። የቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። ሦስት ወሩ ደርሶ ስደውል ግን እምቢ አለች፤ በቃ፣ እምቢ። የመኪና እግር የቤተሰብ ጉዳይ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ጋራዥ ወሰድነው። ሜካኒኩ ከሥሩ ተንጋሎ፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ ከፊት ሞላም ባሌስትራም የለው» አለኝ። (ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቅሁ ስንት ዘመኔ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን አሁንም መምህር ነኝ።) የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ባሌስትራ ለጣሊያኑ ተወጥሮ የሚለቀቅ የጦር ቀስትም ነው። የአሞርዛተር ሥሩ ሞት ነው፤ ዝላይን የሚገድል እንደማለት። ሞላን ጣሊያኑም ሞላ ይለዋል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን የጠገበ ነገር መሰለ። የኛ መኪና ከዚህ ሁሉ የተረፈለት አሞርዛተር ብቻ ነው። በሌላው ምትክ ቶርሽን ባር አለው፤ ቴላዮውን ተከትሎ የተዘረጋ ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ የጎማውን ክንድ ይዟል፣ ሌላው ጫፉ በብሎን ታስሯል። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ እንደታጠበ ነጠላ ይጠመዘዛል፤ መልሶ ሲፈታ ጎማውን ያወርዳል።

ብሎኑን ባጠበቁት ቁጥር አፍንጫው ይነሳል። ዘንጉ ግን ያው ዘንግ ነው፤ አልጠነከረም፣ አልለዘበም። ከፍታው የመጣው ጎማው ወደ ታች ከሚወርድበት ተቆርሶ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ተከትሎ መውረድ ሲገባው ክንዱ ማቆሚያው ላይ ደርሶ ጓ ይላል። ያቺ ጓ ናት እናቴ ወገብ ላይ ስታርፍ የኖረችው። ሜካኒኩ በጣቱ አሳየኝ፤ ሰሚያሱ ያለ ልኩ ዘሟል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሱ ዙሪያውን ተረጭቷል።

የእህቴ ልጅ ምክሩን ይዞ ነበር የመጣው። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እናውጣና የድሮውን ሃይሉክስ ድፍን አክስል በባሌስትራ እናስገባለት! አለቀ!» ሜካኒኩም ጥንካሬውን አልካደም። ይቻላልም፤ የሚያሠሩት አሉ። ነገር ግን በድፍን አክስል ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ መሀል ነው የሚንጠለጠለው፤ አካሉን የቱንም ያህል ብታነሳው እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው። የፊት ባሌስትራ ደግሞ ባዶውን ሲሄድ ይደልቃል። ቶዮታ ራሱ በ1999 እ.ኤ.አ. የሰባዎቹን ላንድክሩዘር የፊት ባሌስትራ አውጥቶ በሞላ ተክቶታል። ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ፤ የተሸነፈ ሰው ምልክት ነው።

ቀጥሎ የቀረበው ወፍራም ቶርሽን ባር ነበር። ወደዚያ አዘንብዬ ነበር፤ ወፍራም ነገር ለሰው ልብ ይሰጣል። ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መምህር፣ ከፊት ማንን ነው የሚጭኑት?» አለኝ።

«አንዲት ቀጭን አሮጊት።»

«ታዲያ ይሄ ብረት ምን ይሠራል?» ብሎ መከላከያውን በጫማው መታው።

ነገሩ ይኸው ነበር። ወፍራሙ ባር የሚያስፈልገን ያንን ብረት ለመሸከም ነው፤ ብረቱ የሚያስፈልገን ደግሞ … ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አልመለስንም። መከላከያው ወረደ። ዘንጎቹ የፋብሪካው እንደነበሩ ቀሩ፤ ብሎኑ ላልቶ መኪናው ከመጀመሪያ ቁመቱ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ እንዲል ተደረገ። አሞርዛተሮቹ፣ የክንዱ ቦኮላዎችና የሰሚያሱ ሽፋን በአዲስ ተቀየሩ፤ ከኋላም ትርፉ ባሌስትራ ወጣ። አላይመንት ተሠራ። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም መኪናውን ስረከብ የሆነ ነገሬ አጥሮ ነበር የወጣሁት።

እናቴን ለማሳመን እህቴ መሄድ ነበረባት። መጣች፣ ታየች። ስንመልሳት የእህቴ ልጅ ይነዳል፣ እሷ ጋቢና ናት፣ እኔ ከኋላ። ከመንደራችን በታች ያለውን ወንዝ ስንሻገር አንድ ድንጋይ ከሥር ቧጠጠን፤ ድሮ ሳንነካው የምናልፈው ድንጋይ ነው። ልጁ በመስታወት አየኝ። «ነግሬህ ነበር» ሊለኝ አፉን ሲከፍት በእጄ ወደ ጎኑ አመለከትኩት።

ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኝታለች።