የቤት ጥራጊና የልጆች ቀለም

ቀለም የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ነገር ይሸከማል። በብራና ላይ የሚጻፍበት ቀለም ይባላል፤ ግድግዳ የሚቀባበትም ቀለም ነው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከምጣድና ከድስት ሥር ተፍቆ ከሚወጣው ጥላሸት ነበር። እናቶች ቆሻሻ ነው ብለው የሚጥሉት ነገር በየኔታ እጅ ሲገባ፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ተወቅጦ፣ ብዙ ቀንም ተዘፍዝፎ፣ ዳዊት የሚጻፍበት ቀለም ይሆን ነበር። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ በጨለለቅቱ በማስተምርበት ክፍል የደረሰ ነገር ነው፤ ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ ጻፍሁት።

ጨለለቅቱ ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ፣ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት ሲሆን፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የዚህ አገር እናቶች ቤታቸውን ጠርገው ጥራጊውን በእንሰት ሥር ይደፋሉ። አመዱ፣ እበቱ፣ የጎመኑ ልቃሚ፣ የቡናው አተላ ሁሉ እዚያ በስብሶ አፈሩን ያደልበዋል። እንሰቱ ያን በልቶ ይወፍራል፤ ቤተ ሰቡም እንሰቱን በልቶ ያድራል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥበብ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለ3ኛ ክፍል ልጆች ስለ አካባቢ ንጽሕና ማስተማር ነበረብኝ። ቆሻሻ በየሜዳው አትጣሉ ብላቸው፣ እንደ ወትሮው በአንድ ድምፅ «እሺ መምህር» ብለው ከደጅ ሳይደርሱ እንደሚረሱት ዐወቅሁ። ስለዚህ አንድ ቤት፣ ጥቂት እንሰት፣ በግቢውም የተበተነ ጥራጊ የሚታይበት ሥዕል በእጄ ሥዬ አባዝቼ ሰጠኋቸው። በስብሶ አፈር የሚሆነውን አረንጓዴ፣ ዳግመኛ ለሥራ የሚውለውን ቢጫ፣ መሬትን የሚጎዳውን ቀይ ቀቡ አልኋቸው። ባለ ቀለም እርሳስ ያለው ልጅ ጥቂት ስለ ነበረ የየኔታን ጥበብ አስታውሼ ቀለሙን ከማድቤት ፈለግነው። እርድ ቢጫውን፣ የጎመን ቅጠል አረንጓዴውን፣ የቀይ ሥር ልጣጭ ቀዩን ሰጠን።

ልጆቹ ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም ከእኔ ስብከት ይልቅ አስተማራቸው። የሙዝ ልጣጭ አረንጓዴ ሆነ። ጠርሙስና ቆርቆሮ ቢጫ ሆኑ፤ ቆራሌው ይገዛቸዋልና። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ እንደ ገና ምድጃና የቤት ዕቃ እንደሚሆን ነገርኋቸው። የባትሪ ድንጋይ ቀይ ሆነ።

አንዲት ልጅ ግን የእንሰቱን ሥር በሙሉ ቀይ ቀብታ አመጣችልኝ። የተሳሳተች መስሎኝ፣ «እንሰት መሬትን ይጎዳልን?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንሰቱን አይደለም መምህር፤ ከሥሩ ያለውን ፌስታል ነው። እናቴ ስትጠርግ እዚያ ነው የምትደፋው» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልጅቱን አመስግኜ ሥዕሏን በግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። በዚህ ተሳሳትሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «መምህር፣ ልጄን ወደ እርስዎ የላክኋት ቀለም እንድትቆጥር ነው እንጂ የእናቷን ገመና በግድግዳ እንድትሰቅል አይደለም። ትናንት መጥረጊያውን ከእጄ ቀምታ ‹አንቺ አታውቂም› አለችኝ። እኔ እኮ የምጠርገው እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። መልስ አጣሁ። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በቃል ያስጠናሁ ሰው፣ በአንድ ሥዕል ልጅን በእናቷ ላይ አስነሥቻለሁ። ሥዕሉን አውርጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ያን ዕለት ማታ ዶማ ይዤ ከራሴ ጓሮ እንሰት ሥር ቈፈርሁ። ከክንድ በማይበልጥ ጥልቀት የጨው ፌስታል፣ የሳሙና መጠቅለያና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ወጡ። ፌስታሉ መቼ እንደ ተጣለ ባላውቅም ትናንት ከሱቅ የመጣ ይመስል ነበር፤ ቀጫጭኑ ሥር ግን ማለፊያ አጥቶ በዙሪያው ተጠምዝዟል። ባለቤቴ ከበላዬ ቆማ ስትመለከት ቆየችና፣ «ድንጋዩንስ እኔ አልጣልሁትም፤ ለሬዲዮህ የገዛኸው ነው» አለችኝ። የመምህሩም ቤት ቀይ የሚቀባ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የእናቶች እጅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥራጊው ነው። አያቶቻችን ቅቤውንና ቆጮውን ከገበያ የሚያመጡት በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ስለ ነበረ፣ መጠቅለያው ወደ መጣበት ሥር ሲመለስ ጉዳት አልነበረውም። ፌስታል ግን አይበሰብስም፤ ውሃንና አየርን ከሥር ይከለክላል። ላም የበላችው እንደ ሆነ በሆዷ ተከማችቶ ይገድላታል፤ በምድጃ ያቃጠሉት እንደ ሆነ መርዘኛው ጢስ በቅድሚያ የሚደርሰው ለእናትና ላዘለችው ሕፃን ነው። እንሰት በሌለበት በትልቁ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሳይለይ በአንድ ስፍራ ሲቆለል የሚሆነውን በሐዘን አይተናል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ክልከላውን አጠበቀ። ይሁን እንጂ አዋጅ በየጓሮው ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚጠብቅ የቤተ ሰብ ልማድ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥዕል ሠራሁ፤ ነገር ግን በክፍል አላስቀባሁትም። «ወደ ቤት ውሰዱት፤ ቀለሙን እናንተ ያዙ፤ የትኛው ምን እንደሚቀባ ግን እናታችሁን ጠይቁ» አልኋቸው። ያችን እናትም ወደ ክፍል መጥተው እንሰት ምን እንደሚወድ ለልጆቹ እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ በኋላ ግን አመዱ ስንት ቀን መቀዝቀዝ እንዳለበት፣ እበቱ ከግንዱ ምን ያህል ርቆ እንደሚደፋ ሲያስረዱ እኔም እንደ ተማሪ ሰማሁ። ሲፈጽሙም፣ «ለእንግዳ የማይበላ ነገር አይቀርብም፤ ለእንሰቱም እንዲሁ ነው» አሉ። ልጃቸው ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች።

ዛሬ በቤቴ ደጃፍ ሦስት ዕቃ ተቀምጧል፤ አንዱ ለእንሰቱ፣ ሁለተኛው ለቆራሌውና ለቤት አገልግሎት፣ ሦስተኛው መሬትን ለሚጎዳው። ሦስተኛውን የምናደርስበት ጥሩ ስፍራ ስለሌለን፣ እንዳይሞላ የምንከላከለው ወደ ገበያ ዘንቢል ይዘን በመሄድ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ጌታችን አምስት ሺውን ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞልቷል። ሁሉን ማድረግ የሚቻለው እርሱ ትርፉን ካልናቀ፣ እኛ የእጃችንን ጥራጊ ሳንለይ መጣል እንዴት ይገባናል? ልጃችሁ ሥዕልና ቀለም ይዞ የመጣ እንደ ሆነ አጠገቡ ተቀመጡ። እርሱ ቀለሙን ይያዝ፤ እናንተ የአያቶቻችሁን ጥበብ ንገሩት።