ከዳለስ እስከ አምቦ

ኢንተርኔት ላይ የሁለት ከተሞችን ስም ስትሰጧቸው ርቀቱንና የበረራውን ሰዓት የሚያሰሉ ገጾች አሉ። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ብትሏቸው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት አካባቢ ይሏችኋል። ውሸት አይደለም። ግን ስንት ነገር ያስቀረ እውነት መሰላችሁ!

መጀመሪያ ነገር፣ መሄድና መምጣት እኩል አይደሉም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው፤ አንድ ሰሞን ሮም፣ አንድ ሰሞን ደብሊን። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ይመጣበታል። ሲመለስ ግን ዳለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ወደ አገር ቤት መንገዱ ያጥራል ብል ዘፈን ይመስልብኛል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

እሺ፣ ይጠር። ለቀብር ያደርሳል ወይ?

አያቴ (እኛ ቤት «አኮ» ነው የምንላት) አምቦ ላይ ያረፈችው ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ነው። የበኩር ልጇ፣ አጎቴ፣ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ እዚያ ገና ከቀኑ 7 ሰዓት። የዕለቱ አውሮፕላን ግን ሄዷል። ቢጫ ካርድ ስላለው ቪዛ አላስቸገረውም፤ ትኬቱንም የዕቁብ ጓደኞቹ ተረባርበው ቆረጡለት። የሚነሳው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የእኛ ቀብር ደግሞ ማክሰኞ 9 ሰዓት። እናቴ «እስኪመጣ ይቆይልኝ» ብላ ለመነች። የዕድሩ ዳኛ «ልጄ፣ እሱ ሲደርስ ያልቅሳት፤ እሷ ግን ትረፍ» አሏት።

አኮ አፈር ስትለብስ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። አጎቴ ዳለስ ሻንጣ መመዘኛው ወረፋ ላይ ቆሞ ለቅሶውን በስልክ ይሰማል። ወረፋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሻንጣውን በእግሩ ይገፋል።

ረቡዕ ጠዋት ቦሌ ተቀበልኩት። ገጹ እዚህ ላይ ደርሰዋል ይላል። እኛ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን፣ በአስኮና በቡራዩ ወጥተን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን አልፈን የምንሄደው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ገና ይቀረናል። አጎቴ እስከ ጊንጪ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ድንገት፣ «አውሮፕላን ውስጥ እኮ ማልቀስ አይቻልም» አለኝ። «ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ኮሜዲ እያየ ይስቅ ነበር። ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ረበሽኩህ ወይ ብሎ።»

ድንኳኑ በር ላይ ስንወርድ የቆመው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። ሐሙስ ለሰልስቷ ደረሰ። አርብ ማታ ቦሌ ሸኘሁት፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነበር።