ጸጥ ያለች ደሴት ፍለጋ፤ ከካርቱም ሁለት እስከ ቱቲ

ልጆች ያሉት ሰው የዕረፍት ጊዜውን በደሴት ለማሳለፍ ሲያስብ፣ ብቻውን እንደሚጓዝ ሰው አድርጎ ሊመርጥ አይችልም። ብቸኛው መንገደኛ የባሕሩን ውበት ይጠይቃል፤ ባለልጆቹ ግን ውኃው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ መኖሩንና ሌሊት ትኩሳት ቢነሣ ሐኪም ዘንድ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ይጠይቃል። እኛም በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ፣ ካርቱም ሁለት በተባለው ሰፈር ተቀምጠን ሳለን፣ ይኸው ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤታችን መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ካርቱም ሁለት ከመሐል ከተማው በስተደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። አቅራቢያው ባለው በደይም ሰፈር የእንጀራና የቡና ሽታ ስለማይጠፋ አገራችንን አንናፍቅም እንል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንናፍቅ ነበር። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ትልቋ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ጥር በካርቱም ሙቀቱ የሚበርድበትና ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚናፈስበት መልካም ወር ነው።

ታላቂቱ ልጃችን ባሕር ካላየሁ አለች። ወዳጆቻችንም ዛንዚባርን አመሰገኑልን። እንግዳ የሚበዛበትን የዋናውን ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ትተን፣ ቅርንፉድ ወደሚበቅልባት ወደ ጴምባ ብንሻገር ጸጥታ እንደምናገኝ ነገሩን። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደሴቱ ጸጥ ባለ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። አምስት ሰው አውሮፕላን እየለዋወጠ ሄዶ ሲመለስ፣ የዓመቱ ቁጠባ ያልቃል፤ ከዕረፍቱም ሁለቱ ቀን በመንገድ ያልፋል።

ሁለተኛው ሐሳባችን የሱዳን ቀይ ባሕር ነበር። ሰንጋነብ የተባለው የዛጎል ድንጋይ ደሴት፣ ከዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥና ከሙካወር ደሴት ጋር በ2008 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ስለ ነበር ስሙን በየቦታው እንሰማ ነበር። ሆኖም ሰንጋነብ ለጠላቂ ዋናተኞች እንጂ ለአራት ዓመት ሕፃን የሚሆን ሥፍራ አይደለም፤ መብራት ማማ ቆሞበታል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ጥንታዊቱ የሱዋኪን ደሴት ደግሞ ቤቶቿ የፈራረሱ ስለሆኑ፣ ልጆች በፍርስራሹ ላይ ሲዘሉ ማየት ለወላጅ ዕረፍት አይሆንም። ወደ አገራችን ወደ ጣና እንሂድ ያለም አልጠፋም። ነገር ግን ባሕር ዳር ከወረድን የዘመድ ቤት ዞረን ሳንጨርስ ዕረፍቱ ማለቁ ነው። ደግሞም እንደ ክብራንና እንደ ዳጋ ባሉት የደሴት ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ እናትና ሁለቱ ሴቶች ልጆች በታንኳ ተቀምጠው ሊጠብቁን ነው። እናታቸው ይህን በሰማች ጊዜ፣ «እናንተ ተሳለሙ፤ እኛ ፀሐይ እንሞቃለን» አለችና ነገሩ በሣቅ ተዘጋ።

ምርጫውን የፈጸሙልን ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ናቸው። የዛንዚባሩን ወሬ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ያ አኺ፣ ደሴት በደጅህ ሳለ ስለ ምን ባሕር ትሻገራለህ?» አሉን። ቱቲን ማለታቸው ነበር።

ቱቲ ዐባይ፣ እነርሱ ሰማያዊ ናይል የሚሉት፣ ከነጭ ናይል ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ላይ የተኛች፣ ስፋቷ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደሴት ናት። በስተደቡብ ካርቱም፣ በስተምዕራብ ኦምዱርማን፣ በሰሜን ምሥራቅ ባሕሪ ከበዋታል። ካርቱም ገና ሳትቆረቆር መሐስ የተባሉት ኑብያውያን ሰፍረውባት ነበር። እስከ 2001 ዓ.ም. ገደማ በጀልባ ብቻ ይደረስባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ከካርቱም ጋር አገናኛት። ሰዉ በመሐል መንደሩ ይኖራል፤ ዙሪያው የአትክልትና የሎሚ እርሻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ዓርብ ዕለት ስለ ነበር ተሳሳትን። የከተማው ሰው ሁሉ በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ አገኘነውና ታላቂቱ ልጃችን፣ «ጸጥታው ይህ ነው?» ብላ አሾፈችብን። ከዚያ በኋላ ግን ዓርብን እየተውን ስድስት ቀን ተመላለስን። ማታ ማታ ወደ ካርቱም ሁለት እየተመለስን በአልጋችን ስለ ተኛን፣ የማደሪያ ኪራይም የመድኃኒት ሣጥንም አላስፈለገን። ልጆቹ ወደ ወንዙ ጠልቀው እንዳይገቡ በብርቱ ከልክለናል፤ ዐባይ በበጋ የዋህ ቢመስልም ከአሸዋው ሥር ጉድጓድ አለው። በባዶ እግራቸው በእርሻው መካከል መሮጥ ግን የፈለጉትን ያህል ነበር፤ ይህም በካርቱም ሁለት ያላገኙት ነገር ነው።

አንድ የሎሚ እርሻ ያላቸው አዛውንት ጥላቸውን ለቀቁልን። ሐበሾች መሆናችንን እንዳወቁ ያቀረቡልን ጥያቄ፣ «ዝናቡ በአገራችሁ ዘንድሮ እንዴት ነበር?» የሚል ነው። በኋላ እንደ ተረዳነው ጥያቄው የሰላምታ ብቻ አልነበረም። የደሴቲቱ አፈር ከኛ ተራራ በጎርፍ የወረደ ነው፤ የሚያሰጥማትም ያው ውኃ ነው። በ1938 ዓ.ም. የደረሰውን ታላቅ ጎርፍ ከአባታቸው እንደ ሰሙት አጫወቱን፤ በየክረምቱም ጎልማሶቹ በዳርቻው ተራ ገብተው ሌሊቱን ውኃውን እንደሚጠብቁ፣ ግድቡ በተሸነቆረበትም ሁሉም በአፈርና በከረጢት እንደሚሯሯጥ አስረዱን። ትንሹ ልጃችን እግሩን ውኃ ውስጥ እንደ ነከረ፣ «ይሄ ከጣና ነው የመጣው?» አለ። ከጣና እስከ ካርቱም ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ነው አልነው። «ታዲያ አልደከመውም?» ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ ሲተረጎምላቸው እስኪያነቡ ሣቁ።

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ዐባይ በካርቱም ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ወደማያውቅ ከፍታ፣ ከዐሥራ ሰባት ሜትር ተኩል በላይ ወጣና ቱቲን አጥለቀለቀ። በማግሥቱ ስልክ ደወልን። «ሎሚዎቹ ቆመዋል» አሉን።

እኛ በ2014 ዓ.ም. ወደ አገራችን ተመለስን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ቱቲ በድልድይ ከካርቱም ጋር ብቻ የተያያዘች ስለሆነች ያ በር በተዘጋ ጊዜ ደሴቲቱ በሙሉ ተዘጋች። ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተባለው ሠራዊት ስለ ከበባት ነዋሪዎቿ በረኀብና በፍርሃት እየወጡ ተሰደዱ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የአዛውንቱ ስልክ አልተነሣም። ለጸጥታዋ የመረጥናት ደሴት ናትና፣ ልጆቹ ስሟን በዜና በሰሙ ቁጥር ፊታችንን ያዩ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ሳለ፣ አንድ ቀን ስልኩ ተነሣ። የወንድማቸው ልጅ ነበር። አዛውንቱ በሕይወት አሉ፤ ሼንዲ በዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር፤ ሎሚዎቹ ግን ውኃ የሚያጠጣቸው ጠፍቶ ደርቀዋል። ከዚያም ስልኩን ለእርሳቸው ሰጣቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል። ልጆቹ ማደጋቸውን ጠየቁ፤ የኛን መልስ ሳይጠብቁም፣ «ዝናቡ በአገራችሁ እንዴት ነው?» አሉ። ትንሹ ልጃችን ስልኩን ከእጃችን ወስዶ፣ በቀረችው ዐረብኛ፣ «ብዙ ነው፤ ተጠንቀቁ» አላቸው።