ስልሳ ሰባተኛዋ ጉድጓድ

ከካምፓላዋ ኪዋቱሌ ሙላጎ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን በ1957 እ.ኤ.አ. ልብ ያላቸው በዚያ ነው፤ ዕጢውም ስሙን ወረሰ። ክፋቱ ፍጥነቱ ነው፤ በቀናት ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

ያን ፍጥነት ለዓይን የሚገልጠው ፀረ እንግዳ አካል በ1983 ከጀርመኗ ኪል ከተማ ወጣ። ኪ-67 የተባለው በከተማዋ ስምና በተገኘባት የቤተ ሙከራ ሳህን ጉድጓድ ቁጥር ነው፤ የሳይንስ ስም እንዲህ ሲቀል ብርቅ ነው። በመከፋፈል ዑደት ላይ ያለውን ሕዋስ ይይዛል፤ ያረፈውን ያልፈዋል። በበርኪት ዕጢ ናሙና ላይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሕዋስ ይቀልማል። የመጀመሪያው ትኩስና የቀዘቀዘ ናሙና ይሻ ነበር፤ መብራት ለሚቋረጥበት ቤተ ሙከራ ይህ ከባድ ነው። በሰም ለተቀመጠ ናሙና የሚሆነው ሚብ-1 የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የካንሰር መድኃኒት ይበልጥ የሚመታው የሚከፋፈለውን ሕዋስ ነው። በ1960ዎቹ ሳይክሎፎስፋማይድ የተሰጣቸው የካምፓላ ሕፃናት እብጠት በቀናት ውስጥ ሟሽሾ ነበር።