ሳጥን የሆኑ ስንኞች

የጉደሩ ወዳጄ ሳያሳትማቸው ያረፈ ግጥሞች በእጄ ይገኛሉ። አምቦ ቤቴ ውስጥ፣ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ስከፍታቸው ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ።

ሳጥኑ ግን የምሥራች ነበር። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደላችን ቁጥር ሰጥቷል፤ ለባንክ ሠራተኛ ይህን መረዳት አይከብድም። ሳጥን ማለት ቁጥሩ አለ፣ መልኩን የሚሥል ፎንት የለም ማለት ነው። «አቢሲኒካ» የተባለውን ፎንት ወደ ፎንቶች ማኅደር ገልብጬ፣ መዝገቡን በ«ኤፍሲ-ካሽ» ትእዛዝ አሳደስሁ። ጽሑፉን ዘግቼ ስከፍት ስንኞቹ ቤት እየመቱ ተመለሱ።

ሁለት ግጥሞች ግን የላቲን ፊደል ትርምስ ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት ስለተጻፉ፣ ያለ እርሱ አይነበቡም፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሟቹ ነበር። የድሮ ፎንቶችን በየተራ እየሞከርሁ ነው። ትናንት ከአንዱ ገጽ አንዲት ቃል ተነበበች፦ «ሁሉቃ»፣ የአምቦው ወንዝ።